ሰማይ ቀጠሮ አያፈርስም

ልጄ፣ አምና በመስከረም ደውለህ «ጋሼ፣ ቴሌስኮፕ ገዛሁ!» ስትለኝ ድምፅህ የአዲስ ዓመት ልብስ እንደተገዛለት ልጅ ነበር። ታኅሣሥ ላይ ሰማዩ እንዴት ነው ብዬ ብጠይቅህ «አልጋ ሥር ነው» አልከኝ። ስለ ሰማይ ብጠይቅህ ስለ አልጋ መለስክልኝ። አልተቀየምኩህም፤ ልብህ ፈቃደኛ እንደሆነ፣ የጎዳህ ቸልታ ብቻ እንደሆነ አውቃለሁ። ስለዚህ ዘንድሮ ወራቱ ሳያልፍብህ አስቀድሜ ጻፍኩልህ።

የአገራችን ሊቃውንት ዓመቱን በአራት ሲከፍሉ ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25 ያለውን መፀው ይሉታል። ፈረንጆቹ ቅጠል የሚረግፍበት ወቅት የሚሉት ይኸው ነው። እኛ ዘንድ ግን ደመናው የሚገፈፍበት፣ ሰማዩ ከዓመቱ ወራት ሁሉ ይልቅ ጥርት የሚልበት ጊዜ ነው። አርባ ዓመት ያህል አንገቴን ቀና አድርጌ የተማርኩትን እንደመጣልኝ በቁጥር አስቀምጬልሃለሁ።

1. ዝናቡ ሳያባራ አትጓጓ፤ ካባራ በኋላ ግን አንድ ሌሊት እንኳ አታባክን። ክረምቱ አየሩን አጥቦት ነው የሚሄደው። በጥቅምት የምታየውን ጥራት በየካቲት አታገኘውም፤ ያኔ ምድሩ ደርቆ አቧራው ይነሣል፣ የማሳው ጭስ ይታከልበታል። «ገና ሦስት ወር አለኝ» አትበል። ከሦስቱ ወር ላይ ጨረቃ የምታበራባቸውን ሌሊቶች ቀንስ፣ ሥራ የሚያስመሽህን ቀንስ፣ ለቅሶና ሠርግ የምትሄድበትን ቀንስ፤ የሚተርፍህ በጣት የሚቆጠር ነው። አዲስ አበባ ላይ ደግሞ ሁለት ማታዎችን ከወዲሁ ሰርዛቸው፦ ከመፀው ቀደም ብትልም የደመራን ማታና ኅዳር 12ን። ኅዳር ሲታጠን ከተማው ሁሉ ቆሻሻውን ያቃጥላል። በ1911 ዓ.ም. ብዙ ሕዝብ የጨረሰው የኅዳር በሽታ መታሰቢያ ነውና ጭሱን አልነቅፍም፤ ግን ያን ዕለት ማታ ቀና ብትል ከዕንባ በቀር የምታተርፈው የለም።

2. መጀመሪያ ዓይንህን አስተምር፤ ቴሌስኮፑ ይቆይ። አምና ያሸነፈህ ይህ ነው። ሰፈሩን ሳታውቅ ቤቱን ልትፈልግ ወጣህ፤ በቱቦው ውስጥ ጨለማና ነጥብ ብቻ ስታይ ሰለቸህ። ዘንድሮ ጥቅምትን በሙሉ በባዶ ዓይንህ እይ። በጥቅምት መጀመሪያ ከምሽቱ 2 ሰዓት ተኩል ገደማ በምሥራቅ በኩል እንደ ወይን ዘለላ የተጠጋጉ ትንንሽ ከዋክብት ይወጣሉ። መጽሐፈ ኢዮብ የሚያነሣቸው ሰባቱ ከዋክብት እነሱ ናቸው፤ አብዛኛው ዓይን ስድስቱን ብቻ ይቆጥራል፣ ሰባተኛውን ካየህ ዓይንህን አመስግን። ከሁለት ሰዓት በኋላ ኦሪዮን ይከተላቸዋል፤ በቀጥታ የተደረደሩ ሦስት ከዋክብት መቀነቱ ናቸው። ከዚያ በሳምንቱ እዚያው ቦታ፣ በዚያው ሰዓት ቁም። ቀድመውህ ወጥተው ታገኛቸዋለህ። እያንዳንዱ ኮከብ በየቀኑ 4 ደቂቃ ያህል ቀድሞ ይወጣል፤ በወር ሁለት ሰዓት ሆነ ማለት ነው። ይህን በዓይንህ ያየህ ዕለት ምድር ፀሐይን መዞሯን ከመጽሐፍ መማርህ ቀርቶ በገዛ እጅህ ለካኸው። የቦረና አያንቱዎች፣ ቀን ቆጣሪዎቹ፣ ያለ ወረቀት ጨረቃን ከእነዚሁ ሰባት ከዋክብትና ከጎረቤቶቻቸው ጋር እያመሳከሩ የ354 ቀን ዓመት ይቆጥራሉ። አንድም ቴሌስኮፕ የላቸውም።

የሰሜኑን ኮከብ ደግሞ ከፍ ብሎ አትፈልገው። እጅህን ዘርግተህ ጡጫህን ብትጨብጥ ስፋቱ 10 ዲግሪ ያህል ነው። አዲስ አበባ 9 ዲግሪ ሰሜን ላይ ስለሆነች ኮከቡም ከአድማስ በላይ ከአንድ ጡጫ አያልፍም። እንጦጦ ግርጌ ከተቀመጥክ ተራራው ይጋርደዋል፤ ዕድሜህን ሙሉ ብትፈልገው አታገኘውም፣ ጥፋቱም የአንተ አይደለም።

3. ጨለማን አክብር። ዓይን ከጨለማ ጋር ለመላመድ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይፈልጋል፤ ይህን ሁሉ ደቂቃ ያጠራቀምከውን አንድ ጊዜ ስልክህን ብታይ ታፈሰዋለህ። አንተ ደግሞ ስልክህን ሳታይ አምስት ደቂቃ መቆየት እንደምትቸገር አይቻለሁ። ስልኩን ቤት ተወው። ብርሃን ካስፈለገህ የእጅ ባትሪህን አፍ በቀይ ፌስታል ሁለት ጊዜ ሸፍነህ በላስቲክ እሰረው፤ ቀይ ብርሃን ዓይንን ብዙ አይረብሽም። ሌላም አለ፤ መብራት ሲጠፋ እንደ ጎረቤቶችህ አታማር። ሰፈሩ ሁሉ ሻማ ሲፈልግ አንተ ጋቢህን ፈልግ። በከተማ የሚኖር ሰማይ ወዳድ በነጻ የሚያገኘው ስጦታ ያ ብቻ ነው፣ መብራት ኃይል ደግሞ መቼ እንደሚመልሰው አይነግርህም።

4. ጨረቃን ሙሉ በሆነችበት ማታ አትጎብኛት። ሙሉ ስትሆን ብርሃኗ ከፊት ለፊት ስለሚያርፍባት ጥላ የላትም፤ ጠፍጣፋ ሳህን ናት። ግማሽ ስትሆን፣ ብርሃንና ጨለማ የሚገናኙበትን መስመር ተከትለህ ብታያት ግን የተራሮቹ ጥላ ሲረዝም፣ ጉድጓዶቹ ሲጠቁሩ ታያለህ። አንድ ጊዜ በሌሊት ቴሌስኮፔን በብርድ ልብስ ጠቅልዬ ስሄድ የሰፈር ዘበኛ ያዘኝ። በትከሻዬ የተሸከምኩት ነገር ቅርጹ አላማረውም፤ እውነቱን ነው። ብነግረው አላመነም። እዚያው አስፋልቱ ዳር ተክዬ አሳየሁት። ለረጅም ጊዜ ዝም ብሎ አየና «ዓይን ያወጣች እንጀራ!» አለ። ከዚያ ጓደኞቹን ጠራ፤ እስከ እኩለ ሌሊት ወረፋ ሳስይዝ አመሸሁ። ስለዚህ ከመውጣትህ በፊት ለዘበኛውም ለጎረቤትም ንገር፤ ደግሞም ወረፋ ለማስያዝ ተዘጋጅ።

5. ሰው «ኮከብ ቆጣሪ ሆንክ እንዴ?» ሲልህ ሳቅ፣ ግን አትቀበለው። ሐመል፣ ሠውር፣ ገውዝ እያልን የምንጠራቸው አሥራ ሁለቱ ስሞች ከዐረብኛ የመጡ የኅብረ ከዋክብት ስሞች ናቸው፤ ሰማይ ላይ ቦታ አላቸው። ሰባቱ ከዋክብት ለምሳሌ በሠውር ውስጥ ናቸው። ስሞቹን ያዝ፣ ዕጣ ፈንታውን ለባለቤቶቹ ተው። አንዴ ለአንዲት አክስት «ኮከብሽ ጥሩ ነው» ብለህ ካሾፍክ ዕድሜህን ሙሉ ማንም ስለ አንድሮሜዳ አይጠይቅህም።

6. የአንድሮሜዳን ቤተሰብ ሳታይ መፀው እንዲያልፍ አትፍቀድ። ይህንን ከሁሉ አስበልጬ ነው የምነግርህ። በድሮዎቹ ግሪኮች ተረት ኬፌዎስ የኢትዮጵያ ንጉሥ ነበር፤ ካሲዮፔያ ንግሥቲቱ፣ አንድሮሜዳ ልጃቸው። እናቲቱ ውበቷን አጋንና ተመጻደቀችና ባሕሩ አውሬ ሰደደባቸው፤ ልጂቱ ከዓለት ጋር ታሰረች፣ ፔርሴዎስ መጥቶ አዳናት። ግሪኮች «ኢትዮጵያ» ሲሉ የዛሬዋን ካርታ ማለታቸው አልነበረም፤ ታሪኩን በኢዮጴ ወደብ ላይ የሚያደርጉትም ነበሩ። ስለዚህ ደረትህን አትንፋ። ይሁን እንጂ የዓለም ሕዝብ በየመፀዉ አንጋጦ የኢትዮጵያ ነገሥታት እያለ የሚጠራቸው ከዋክብት ሲኖሩ፣ የኢትዮጵያ ልጅ ሳያውቃቸው ቢተኛ ያሳፍራል።

በኅዳር አጋማሽ ከምሽቱ 3 ሰዓት ገደማ ወደ ሰሜን ዙር። ንግሥቲቱን በቀላሉ ታገኛታለህ፤ አምስት ከዋክብት ናቸው፣ ንጉሡ ሠ ተገልብጦ የተጻፈ ይመስላል። አሁን አንገትህን ወደ ኋላ ጣል፤ ከአናትህ አጠገብ አራት ከዋክብት ሰፊ ካሬ ሠርተዋል፣ ይህ ፔጋሰስ የሚባለው ክንፋም ፈረስ ነው። ከካሬው የሰሜን ምሥራቅ ጥግ ተነሥተህ ወደ ቀኝ ሁለት ደማቅ ኮከብ ቁጠር። ከሁለተኛው ላይ ቆመህ ወደ ንግሥቲቱ በኩል ሁለት ፈዛዛ ከዋክብትን ተከተል። የውጭ መጻሕፍት «ወደ ላይ» ይሉሃል፤ እኛ ወደ ሰሜን ዞረን ስናይ ወደ ታች ነው፣ እኔ በዚህች ቃል ሁለት ዓመት ተሳስቻለሁ። እዚያ ላይ እንደ እስትንፋስ ጉም የመሰለች ፈዛዛ ነገር ታያለህ። ያቺ የአንድሮሜዳ ጋላክሲ ናት። የፋርሱ ሊቅ አል ሱፊ በ964 እ.ኤ.አ. ትንሽ ደመና ብሎ መዝግቧታል። ዓይንህ ላይ የሚያርፈው ብርሃን ከተነሣ 2.5 ሚሊዮን ዓመት ሆኖታል፤ ሲነሣ ሉሲ ከሞተች ቆይታለች፣ እኛ ግን ገና አልነበርንም። በባዶ ዓይን ከዚህ የራቀ ነገር ማየት ለአብዛኛው ሰው አይቻልም።

እዚያው በአንድሮሜዳ ውስጥ ደግሞ የእኛው የሆነ ስም አለ። በ2019 እ.ኤ.አ. ዓለም አቀፉ የአስትሮኖሚ ኅብረት መቶኛ ዓመቱን ሲያከብር ለየአገሩ አንዳንድ ኮከብና ፕላኔት እንዲሰይሙ ሰጠ። ኢትዮጵያ ኮከቡን ቡና፣ ፕላኔቱን አቦል አለችው። ቡና በባዶ ዓይን አይታይም፤ በባይኖኩላርና በጥሩ ካርታ ግን ይገኛል። ርቀቱ ወደ 200 የብርሃን ዓመት ነው። አቦልን ማየት አትችልም፤ ከጁፒተር የሚከብድ ፕላኔት ቢሆንም በኮከቡ ብርሃን ተውጧል። ቶናና በረካ ገና አልተገኙም፤ የቡና ሥነ ሥርዓቱ ሰማይ ላይ አላለቀም።

ፔርሴዎስ ጋ ስትደርስ አልጎልን ለይተህ ያዝ። ቀድሞ የገደላትን የሌላ አውሬ የተቆረጠ ራስ የያዘበት ኮከብ ነው። በየ2 ቀን ከ20 ሰዓት ከ49 ደቂቃ ይደበዝዝና ለጥቂት ሰዓታት ቆይቶ ይመለሳል፤ ፈዛዛ ጓደኛው ፊቱ ሲያልፍ ስለሚጋርደው ነው። ለጥቂት ሳምንታት ማታ ማታ ከጎረቤቶቹ ጋር አወዳድረው፤ አንድ ማታ «ዛሬ ምን ነካው?» ማለትህ አይቀርም።

7. ካርቶን ላይ የተጻፈን አትመን። ያንተ ካርቶን 525 ጊዜ ያጎላል ይላል። ሌንስህ 70 ሚሊ ሜትር ነው፤ ለእያንዳንዱ ሚሊ ሜትር ሁለት እጥፍ ብታስብ ከ140 ያለፈው ሁሉ ምስሉን ማፍረስ ነው። በትንሹ ጀምር፤ ያጎላኸው ቁጥር ሲያንስ የምታየው ሰማይ ይሰፋል። ሌላ ጓደኛህ ልግዛ ቢልህ መጀመሪያ 7x50 ወይም 10x50 ባይኖኩላር ይግዛ በለው፤ ክርኑን ጉልበቱ ላይ አስደግፎ ይይ። በቴሌስኮፕህ በእነዚህ ዓመታት መፀው ላይ ማታ ማታ የሚታየውን ሳተርንን አትለፈው። ቀለበቱ በመጋቢት 2017 ዓ.ም. በጎኑ ዞሮብን እንደ ክር ቀጥኖ ነበር፤ በየ15 ዓመቱ ገደማ እንዲህ ይሆናል። አሁን እየተከፈተ ነው፤ ዓመት በዓመት ሲሰፋ ልታየው ትችላለህ።

ቀን ላይ ግን ወደ ፀሐይ እንዳታዞረው። ለአንዲት ሰከንድም ቢሆን። ይህን ደግሜ አልነግርህም።

8. ሌንስን በልብስ አትጥረግ። በጥቅምት ሌሊት ጤዛው ይወርዳል፣ መስታወቱ ጭጋግ ይለብሳል። እኔ የመጀመሪያዬን ሌንስ በጋቢዬ ጫፍ ጠረግሁት። ጥጥ ነው፣ ለስላሳ ነው ብዬ። ጥጡ የያዘው የደቃቅ አፈር ቅንጣት ግን እንደ አሸዋ ወረቀት ፋቀው፤ ጭረቱ እስካሁን አለ፣ ጨረቃን ባየሁ ቁጥር ይሰድበኛል። ጤዛ ከያዘው ክዳኑን ግጠምና ጠብቅ፣ ወይም ከካርቶን ቱቦ ሠርተህ አፉ ላይ አስረዝምለት።

9. ብርድን አትናቅ። እኔ ያለሁበት ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ የኅዳር ውርጭ ሲጥል ሜዳው ጠዋት ነጭ ሆኖ ታገኘዋለህ። ለመሞቅ ብለህ መሮጥ አትችልም፤ ሰማይ የሚያይ ሰው ዝም ብሎ ነው የሚቀመጠው። ሁለት ካልሲ፣ ጋቢ፣ ሻይ በፔርሙዝ። መሬት ላይ ሰሌን አንጥፈህ በላዩ ብርድ ልብስ ጨምርበት፤ ቅዝቃዜው ከላይ ይልቅ ከሥር ነው የሚገባው። ብቻህን ደግሞ አትውጣ። ጅቡ እንኳ ብዙ አያስፈራም፤ በባዘኑ ውሾች ግን አልቀልድም።

10. ደቡቡንም እይ። የፈረንጁ መጽሐፍ የተጻፈው ለሰሜኑ ሰው ስለሆነ ያንተን ግማሽ ሰማይ ይተወዋል። በኅዳር ምሽት አኬርናር የተባለው ደማቅ ኮከብ ደቡብ ላይ ቆሞ ታገኘዋለህ፤ ለንደን ያለ ሰው አያየውም። አድማሱ ክፍት የሆነ ጨለማ ቦታ ካገኘህ ከእሱ ዝቅ ብሎ ትንሹ የማጄላን ደመና የሚባለው ጋላክሲ አለ። ከአዲስ አበባ ከ8 ዲግሪ በላይ አይወጣም፤ ወደ ቦረና የሚወርድ መንገድ ከገጠመህ ግን ሌሊቱን አትተኛ።

11. ብቻህን አትማር። በየዓመቱ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከመስከረም 24 እስከ 30፣ የዓለም የስፔስ ሳምንት ይከበራል፤ ስፑትኒክ የመጠቀችበት ኦክቶበር 4 ቀን 1957 እ.ኤ.አ. መነሻው ነው። የኢትዮጵያ ስፔስ ሳይንስ ሶሳይቲ ምን እንዳዘጋጀ ጠይቅ። እንጦጦ ላይ ባለ 1 ሜትር መስታወት ሁለት ቴሌስኮፖች አሉ፤ ተማሪዎች የሚጎበኙበት ዕድል ሲገኝ አታሳልፈው። ማስታወሻ ደብተርም ያዝ። ቀን፣ ሰዓት፣ ያየኸው፣ ያላየኸው። «ደመና ነበር» ብለህም ቢሆን ጻፍ።

12. ለተወርዋሪ ኮከብ ቀጠሮ ያዝ፣ ከያዝክ አታፍርስ። ሦስቱን በልብህ ጻፋቸው፦ ጥቅምት 11 ለ12 አጥቢያ ኦሪዮኒድ፣ ኅዳር 8 ለ9 አጥቢያ ሊዮኒድ፣ ታኅሣሥ 4 ለ5 አጥቢያ ጀሚኒድ። በዘመነ ዮሐንስ፣ ጳጉሜን ስድስት ከሆነች በኋላ ማለቴ ነው፣ አንድ አንድ ቀን ቀድመው ይመጣሉ። ብዛት ከፈለግህ ጀሚኒድን ጠብቅ፤ በጨለማ ቦታ በሰዓት ከመቶ በላይ ሊደርስ ይችላል፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት ጀምሮም ታያቸዋለህ። ሊዮኒድ በአብዛኛው ዓመት ጥቂት ነው። ለእኔ ግን የሚበልጥብኝ ኦሪዮኒድ ነው፣ ምክንያቱን ልንገርህ።

በ1978 ዓ.ም. ወጣት መምህር ነበርኩ። በ76 ዓመት አንዴ የምትመለሰው የሃሌይ ጅራታም ኮከብ በመጋቢት ሌሊት፣ ጎህ ሳይቀድ በደቡብ ምሥራቅ እንደምትታይ አውቅ ነበር። ለተማሪዎቼ በሰሌዳ ላይ ሥዬ አስተምሬአለሁ። የመጀመሪያውን ሌሊት ብርዱን ፈርቼ ተኛሁ። ሁለተኛውን የፈተና ወረቀት ሳርም አመሸሁና ሳልነቃ ነጋ። «ነገ» እያልኩ ቆየሁ፤ ከዚያ ጨረቃዋ ሞላች፣ ከዚያ የበልጉ ደመና መጣ። አላየኋትም። ቀጥሎ የምትመጣው በ2061 እ.ኤ.አ. ነው፤ እኔ አልደርስባትም፣ አንተ ትደርሳለህ። ይሁንና ወደ ፀሐይ የምትቀርበው በሐምሌ ነውና ክረምት ላይ ይጥልብሃል፤ ዣንጥላ ይዘህ ጠብቃት።

እኔ የምኖርባት ከተማ ስሟን ያገኘችው አፄ ዘርዓ ያዕቆብ በሰማይ ላይ ከታየ ብርሃን የተነሣ ቤተ ክርስቲያን ስላሠሩባት ነው። በ1456 እ.ኤ.አ. የመጣችው ሃሌይ ሳትሆን አትቀርም የሚሉ አሉ፣ ቀኑ አይገጥምም የሚሉም አሉ። እኔ አልከራከርም። የማውቀው ይህን ነው፦ ሃሌይ በመንገዷ ያራገፈችው አቧራ አሁንም እዚያው አለ፤ ምድር በየዓመቱ ጥቅምት ላይ ስታቋርጠው፣ ከአሸዋ ቅንጣት የማይበልጠው ሁሉ በሰከንድ 66 ኪሎ ሜትር እየበረረ መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ከላያችን ይቃጠላል። በሰዓት ሃያ ያህል ነው፤ ብዙ አይደለም። እኔ ግን ሳላያት የቀረኋትን ቁርጥራጭ በቁርጥራጭ እየቆጠርኩ ነው፤ ካለፈው ዓመት ብቻ ደብተሬ ላይ 41 አሉ።

ዘንድሮ ጥቅምት 11 እኔ ጋ እደር። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ እቀሰቅስሃለሁ፤ ኦሪዮን ያኔ ከፍ ብሏል። በጀርባችን እንተኛለን፣ ቴሌስኮፕ አያስፈልግም፤ ግን አምጣው፣ ጎህ ሳይቀድ ሌላ የማሳይህ አለኝ። አውቶቡሱ ላይ ከላይ እንዳይጭኑብህ፣ ጭንህ ላይ ያዘው። ሁለተኛ ካልሲ እንዳትረሳ፤ አምና የሰጠሁህ እዚያው አልጋ ሥር ሳይሆን አይቀርም።